ድምጿ አልጠፋም፤ አየሩ ነው መንገድ የቀየረው

አክስቴ ከሆስፒታል ወጥታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የገባች ቀን ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቃት መጣ። አንገቷ ላይ ነጭ ቱቦ አለ። ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምጽ ግን የለም። ከዚያ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ሰዉ ሁሉ ይጮህባት ጀመር። "እትዬ! እግዜር ይማርሽ! ተሻለሽ ወይ?" ጆሮዋ ምንም አልሆነም እኮ! አንዷ ደግሞ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ "ምላሷን ነካክተውባት ነው?" አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስምንት ወር ያህል አስታማሚ ነበርኩ። ከነርሶች፣ ከአንገት በላይ ሐኪሞችና ከአንዲት ታጋሽ ስፒች ቴራፒስት (የመናገርና የመዋጥ ችግርን የምታክም ባለሙያ) የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ። ያን ቀን ለዚያች ጎረቤት በቅጡ መመለስ አልቻልኩም ነበር። አሁን ልሞክር።

አክስቴን የጣላት ከባድ ሳንባ ምች ነው። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገብታ ሦስት ሳምንት በመተንፈሻ ማሽን ቆየች። መጀመሪያ የማሽኑ ቱቦ በአፏ ነበር የገባው። በአፍ የገባ ቱቦ ሲቆይ ግን ማንቁርትንና የድምጽ አውታሮችን ይጎዳል፤ በሽተኛውም ስለማይመቸው በማደንዘዣ ማስተኛት ይበዛል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ከማንቁርት በታች የአየር ቧንቧዋ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው አጭር ቱቦ አስገቡ። ትራኪዮስቶሚ ይባላል። ቤታችን ውስጥ ግን "ቱቦው" ነው የምንለው። ማንቁርታቸው በእብጠት ወይም በአደጋ የተዘጋባቸው፣ አክታቸውን ማውጣት የተሳናቸው ሰዎችም ይሠራላቸዋል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ የመተንፈሻ ማሽን አልበቃ አለ። ሐኪሞች ለበሽተኞቹ በአንገታቸው ቱቦ አስገቡላቸው። የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ በፈረቃ እየተቀመጡ፣ ቀንና ሌሊት በእጃቸው ከረጢት እየጨመቁ አስተነፈሷቸው። የዛሬው አይሲዩ አንዱ መነሻ ያ ነው። እኛ ሰፈር "ቬንቲሌተር" የሚለውን ቃል የለመደው በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ነው። ከማሽኑ በኋላ ስለሚመጣው ቱቦ ግን ያኔም ብዙ አልተወራም።

ሱቆቹና መንገዱ

ከተማው ዳር የሚኖር ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ዋናው መንገድ ለግንባታ ሲዘጋ ታክሲው ወደ ውስጥ ለውስጥ ይታጠፋል። ተሳፋሪው ይደርሳል። ዋናው መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ግን ገበያቸው ይሞታል። አልተቃጠሉም፣ አልተዘረፉም፣ ዕቃቸውም በቦታው ነው። የጠፋው አላፊ አግዳሚው ነው።

ትንፋሽም እንደዚያ ነው። በደህናው ጊዜ አየር በአፍንጫ ገብቶ፣ በጉሮሮ በኩል ማንቁርትን አልፎ ሳንባ ይደርሳል። ሲወጣም በዚያው ይመለሳል። ቱቦው ከማንቁርት በታች ስለሆነ አየሩ እዚያው አንገት ላይ ገብቶ እዚያው ይወጣል። ከላይ ያሉት ሱቆች በሙሉ ባዶ ይሆናሉ። አንደኛው ሱቅ የድምጽ አውታሮች ናቸው። አፍንጫም ሱቅ ነው፤ አየር ካላለፈበት ማሽተት የለም፣ ማሽተት ከሌለ የምግቡ ጣዕም ግማሹ የለም። አየሩን የሚያሞቀው፣ የሚያረጥበውና አቧራውን የሚያጣራውም አፍንጫ ነው። ጠንካራ ሳልም ቢሆን መጀመሪያ ማንቁርት ተዘግቶ አየር ሲታመቅ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ለዚያች ጎረቤት መልሱ ይህ ነው፦ ምላሷም አልተነካም፣ ድምጿም አልተቆረጠም። አየሩ መንገድ ቀይሯል። የስፒች ቴራፒስቷ ሥራ በአብዛኛው አየሩን ወደ ዋናው መንገድ መመለስ ነው። በሽተኛው ሊታገሰው በሚችለው መጠን፣ ቀስ በቀስ።

ድምጽ ማለት ትንፋሽ ነው

ስንናገር ከሳንባ የሚወጣው አየር ሁለቱን የድምጽ አውታሮች ያንቀጠቅጣል። በሴት ድምጽ በሰከንድ 200 ጊዜ አካባቢ። ምላስ፣ ከንፈርና ጥርስ ያንን ቀርጸው ቃል ያደርጉታል። አየር ከሌለ የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም።

ብዙዎቹ ቱቦዎች በጫፋቸው ዙሪያ ትንሽ ፊኛ አላቸው። ካፍ ይሉታል። በሲሪንጅ ይነፋል፣ አየሩም በሲሪንጅ ይወጣል። ሲነፋ በቱቦውና በአየር ቧንቧው ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል፤ ማሽኑ የሚገፋው አየር ወደ ላይ እንዳያመልጥ ማለት ነው። ግፊቱ በመለኪያ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ውሃ መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ ካለፈ ግድግዳውን ይጎዳል። ካፉ እንደተነፋ ድምጽ የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። የፊኛው አየር ሲወጣ ግን ጥቂት ትንፋሽ በቱቦው ጎን ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው ቴራፒው የሚጀመረው። ቴራፒስቷ መጀመሪያ አክታውን በሳክሽን (አክታ በሚመጥ መሣሪያ) አስጠረገች። ከዚያ ሐኪሙ ፈቅዶ የካፉ አየር በዝግታ ወጣ። አክስቴ ሳለች፤ ከፊኛው በላይ ተጠራቅሞ የነበረው ምራቅ ወደ ታች ስለወረደ ነው። እንደገና ተጠረገ። ከዚያ ጓንት ባደረገ ጣቷ፣ አክስቴ አየር ስታወጣ ብቻ የቱቦውን አፍ ደፈን አደረገችውና "አ በይ" አለቻት።

"ውይ!" አለች አክስቴ።

"አ" አልነበረም የወጣው። ከአንድ ወር በላይ ያልሰማችውን የራሷን ድምጽ ስትሰማ ደንግጣ ነው። ሻካራና ቀጭን ነበር። እኔ ያን ጊዜ ኮሪደር ወጥቼ የሆነ ነገር ያደረግሁ መሰለኝ። ማልቀስ ይሁን ስልክ መደወል፣ አላስታውስም።

ጣት ለዘላለም አይሠራም፤ ቀጥሎ የመጣው የመናገሪያ ቫልቭ ነው። የትንሽ ጠርሙስ ክዳን የምታክል ነገር ናት። ውስጧ ስስ ሽፋን አለ። አየር ሲገባ ይከፈታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። መግቢያው በአንገት፣ መውጫው በአፍና በአፍንጫ ሆነ ማለት ነው። ከታወቁት ቫልቮች አንዱ ፓሲ-ሚውር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፈጠረው ዴቪድ ሚውር ራሱ ቱቦ ያለው፣ በማሽን የሚተነፍስ የጡንቻ መድከም ሕመምተኛ ነበር። መናገር ፈለገና መላ ፈጠረ። እኔ ይህን ስሰማ ለቫልቯ ያለኝ ክብር ጨመረ።

አሁን ደግሞ እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ልብ በሉ። ካፉ ተነፍቶ ሳለ ቫልቩ በፍጹም አይደረግም። አየር በቫልቩ ይገባል፤ መውጫው ግን በላይም በአንገትም ዝግ ነው። በሽተኛው ደቂቃዎች ውስጥ ይታፈናል። ካፋቸው ከስፖንጅ የተሠራ ቱቦዎች አሉ፤ ለእነሱም ቫልቭ ክልክል ነው። በእንቅልፍ ሰዓትም ይወልቃል። እኛ ቤት በትልቁ ጽፈን አልጋው ራስጌ ለጥፈን ነበር፦ "መጀመሪያ ፊኛው!" የሚያስታምም ሰው ስለሚቀያየር ነው። አንዱ ያወቀውን ሌላው አያውቅም።

ቫልቩ የመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። አክስቴ በላብ ተጠመቀች፣ ፈራች። ይህ የተለመደ ነው አሉን። ለሳምንታት በአንገት በነፃነት ያስወጡትን አየር በድንገት በጠባቡ መንገድ መግፋት ጉልበት ይጠይቃል። ቴራፒስቷ ደረቷን ታያለች፣ የኦክስጅን መለኪያውን ታያለች። አንድ ጠቃሚ ምልክት አሳየችኝ፦ ቫልቩ ሲወልቅ አየር "ፍሽሽ" ብሎ በኃይል ከወጣ፣ ትንፋሹ ወደ ላይ በደንብ እያለፈ አይደለም። ምናልባት ቱቦው ለቧንቧው ወፍሯል፣ ወይም ከላይ እብጠት ወይም ጥበት አለ። ያኔ "ትልመደው" ብሎ ማስገደድ ሳይሆን ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው። አክስቴ ቱቦዋ በቀጭን ተቀይሮላት ነው ነገሩ የተስተካከለው።

ስለ አማርኛ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ትንፋሻችሁን ያዙና "ጥ፣ ቅ፣ ጭ" በሉ። ወጣ አይደል? አሁንም ትንፋሻችሁን እንደያዛችሁ "መ" በሉ። እምቢ አለ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ከሳንባ አየር አይጠይቁም። የድምጽ አውታሮቹ ይዘጋሉ፣ ማንቁርት ብድግ ይላል፣ አፍ ውስጥ የታመቀችው ትንሽ አየር ትፈነዳለች። በዚህ ምክንያት አክስቴ ያለ ቫልቭም ስትቆጣ "በቃ!" ከምትለው ውስጥ "ቃ" ጎልታ ትሰማን ነበር። ከንፈሯን እያየን፣ ፍንዳታዎቹን እየሰማን ግማሹን እንገምታለን። በተቃራኒው ደግሞ ቫልቭ አድርጋም ያልተመለሰላት ነገር ነበር። እኛ "አዎ" ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግ የለ? ያቺ "አዎ" አልመጣችም። ወደ ውስጥ የሚገባው አየር አሁንም በአንገት ነዋ የሚገባው! ጎረቤቶች እያወሯት ዝም ስትል ተቀየመች ብለው ነበር።

ቫልቭ ከመምጣቱ በፊትም ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። ሰው ሐሳቡን መግለጽ ካልቻለ ይጨነቃል፣ ቱቦውን ይነቅላል፣ ተስፋ ይቆርጣል። እስክሪብቶ ለመያዝ እጇ ገና ይንቀጠቀጥ ስለነበር ለልጆች የሚሸጠውን የሀሁ ገበታ ገዛሁ። ችግሩ ምን ሆነ? 33 ጊዜ 7፣ 231 ፊደል። አንዱን ቃል አመልክታ ስትጨርስ እኔም እሷም ደክመናል። ቴራፒስቷ አስተካከለችልን። ድምጻቸው አንድ የሆኑትን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀን ጣልናቸው፤ 28 ቀሩ። እነሱን ብቻ በአራት መስመር ትልልቅ አድርገን ጻፍን። ከታች ከ1 እስከ 7 ቁጥር። መጀመሪያ "በ" ላይ ታመለክታለች፣ ከዚያ 2 ላይ፤ "ቡ" ሆነ። "ነ" ላይ፣ 4 ላይ፤ "ና"። ቡና። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ሳያስፈልግ ከፊደሉ ብቻ እንገምት ነበር። ጠርዙ ላይ ደግሞ "አክታ ይጠረግ"፣ "ሕመም"፣ "ሽንት ቤት"፣ "ጎኔን አገላብጡኝ"፣ "ተዉኝ ልተኛ" የሚሉ ቃላት ጨመርን። የመጨረሻዋ ብዙ ሠርታለች።

ውሃ ቢያንቅ

"እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?" ይባላል። የመዋጥ ቴራፒ ዋና ጥያቄ ይችው ናት ብል ማጋነን አይደለም።

ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ ምራቅ ዋጡ። ብድግ ሲል ይሰማችኋል። በዚያች ከአንድ ሰከንድ የማትበልጥ ጊዜ ትንፋሽ ይቆማል፣ የድምጽ አውታሮች ይገጥማሉ፣ የማንቁርት ክዳኗ ትደፋለች፣ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይሸሻል። ምግቡም ከኋላ ባለው ቱቦ ወደ ሆድ ይወርዳል። ይህን በቀን በመቶዎች ጊዜ እናደርጋለን፣ ባንበላ እንኳ ለምራቃችን። አንዷ ነገር ስትዘገይ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ትን አለን ማለት ነው።

ቱቦ ያለበት ሰው ብዙ ነገር ይጎድለዋል። በማንቁርቱ አየር ስለማያልፍ ስሜቱ ይደነዝዛል። ሲውጥ ከማንቁርት በታች የሚታመቀው አየር በክፍቱ ቱቦ ያመልጣል። የተነፋ ካፍ ከኋላ ያለውን የምግብ ቱቦ ሊጫን ይችላል። በዚያ ላይ የሳምንታት ተኝቶ መቆየት የሚያመጣው የጡንቻ ድካም አለ። ይህ ማለት ቱቦ ያለው ሁሉ መብላት አይችልም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ቱቦው እያለ በአፋቸው ይበላሉ። ግን መጀመሪያ ይመረመራሉ።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ትን ያለው ሰው ሁልጊዜ አያስልም። ስሜቱ ከደነዘዘ ምግቡ ጸጥ ብሎ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። ከቀናት በኋላ ትኩሳት፣ የበዛ አክታ፣ እንደገና ሳንባ ምች። "ሳላስል በላሁ" ማስረጃ አይደለም።

ሌላው የተሳሳተ እምነት "ፊኛው ከተነፋ ምግብ ሳንባ አይገባም" የሚለው ነው። አንዳንድ የጤና ባለሙያ ሳይቀር ይለዋል። ፊኛው ያለው ከድምጽ አውታሮች በታች ነው። ምግቡ ፊኛው ጋ ከደረሰ ቀድሞውኑ የተሳሳተውን በር አልፏል። እዚያ ላይ ይጠራቀማል፣ ቀስ እያለም በጎን ይሾልካል።

ምርመራው ቀላል የሆነ መነሻ አለው። ቴራፒስቷ ውሃውን ወይም ምግቡን በሰማያዊ የምግብ ቀለም ታቀልማለች። በሽተኛው ጥቂት ይውጣል። ከዚያ በሳክሽን የሚወጣው አክታ ይታያል። ሰማያዊ ከሆነ ትን ብሏል። ሰማያዊ ካልሆነ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ፈተናው የሚያመልጠው አለ። የተሻሉት ሁለት ናቸው፦ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ አስገብቶ ሲውጡ ማየት፣ ወይም ባሪየም (በራጅ የሚታይ ነገር) የተቀላቀለበት ምግብ እየዋጡ በራጅ ቪዲዮ መነሳት። በየሰፈሩ አይገኙም። ለዚህ ነው የባለሙያ ዓይንና ትዕግስት ዋጋ ያለው።

ወደ ተረቱ ልመለስ። ከሁሉ የሚያስቸግረው እንጀራ ይመስለን ነበር። ለብዙ በሽተኛ ግን ውሃ ነው። ቀጭን ስለሆነ ይሮጣል፤ የዘገየ ማንቁርት አይደርስበትም። ወፈር ያለ መጠጥ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ "ውሃ ብቻ ቅመሽ" የሚለው የጠያቂ ደግነት አደገኛ ነው። ዓለም አቀፍ የውፍረት ደረጃ አለ፤ ከ0 እስከ 7። ውሃ 0 ነው፣ እንደ ልባችን የምንበላው ምግብ 7። መለኪያው ደግሞ የሚያስቅ ቀላል ነው። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መግፊያውን ታወጣላችሁ። ጫፉን በጣት ይዛችሁ እስከ 10 ትሞላላችሁ። ጣታችሁን ትለቁና 10 ሰከንድ ትቆጥራላችሁ። ከ1 ሚሊ በታች ከቀረ ደረጃ 0። ከ1 እስከ 4 ከቀረ ደረጃ 1። ከ4 እስከ 8 ደረጃ 2። ከ8 በላይ ደረጃ 3። ምንም ካልወረደ 4። ሲሪንጁ ግን ከዜሮ እስከ 10 ያለው ልኬቱ 61.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ወፍራምና አጭር ሲሪንጅ ያሳስታል።

እኛ በዚህ አጥሚት ለካን። ትኩሱ አጥሚት አንድ ነገር ነው፤ ሲቀዘቅዝ ሌላ። በሶ ደግሞ ከታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ይቀጥናል። ስለዚህ የሚለካው ልትጠጣው ስትል ነው። ሌላም ምሥጢር አለ፦ የዱቄት ነገር በምራቅ ይቀጥናል። አፍ የገባ ማንኪያ ተመልሶ ኩባያው ውስጥ ከተነከረ፣ መጠጡ ሳያልቅ ውሃ ይሆናል። ገንፎ ጥሩ ይመስል ነበር፣ ግን ተጣብቆ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ፍትፍት መረቁ ከበዛ ሁለት ዓይነት ነገር ባንድ ጊዜ ስለሆነ ያስቸግራል፤ ድርቆሹ ገና ሲታኘክ መረቁ ቀድሞ ይሮጣል። ለአክስቴ መጀመሪያ የሠራላት ወፈር ያለ፣ ያልጓጎለ ሽሮ ነበር፣ በትንሽ ማንኪያ። ይህ ግን የእሷ ነው። ማወፈርም ለሁሉም አይሆንም፤ ወፍራሙ ሳንባ ከገባ ለማውጣት ይከብዳል፣ ሰውም ስለማይወደው ትንሽ ጠጥቶ ውሃ ያጥረዋል። የእናንተን ሰው የመረመረው ይወስን።

የሚገርመው ቫልቩ ለመዋጥም ይረዳል። አየሩ ወደ ላይ ሲመለስ ስሜቱ ይነቃል፣ ሳሉም ጉልበት ያገኛል። የአክስቴ ምግብ ሁሌም ቫልቩ ተደርጎ ነበር። ቀና ብላ ትቀመጣለች፣ ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ በጉርሻና በጉርሻ መካከል ድምጽ ታሰማለች። ድምጿ "እርጥብ" ከሆነ፣ ውሃ ውስጥ የሚያወሩ ከመሰለ፣ ይቆማል። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት አትተኛም።

ጉርሻ፣ ቡና፣ ጠበል

ከዚህ በታች ያለውን የትኛውም የሆስፒታል ወረቀት ላይ አላገኘሁትም።

ጉርሻ ትልቅ፣ ድንገተኛና እምቢ የማይባል ነው። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ተብሎ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላል። ለሚውጥ ሰው ሦስቱም ነገሮች ፍቅር ናቸው፤ ለእሷ ግን ሦስቱም አደጋ። እኔ ጨካኝ ሆንኩ። "ጉርሻዋን ለእኔ ስጡኝ፣ ለእሷ ብዬ እበላለሁ" እያልኩ አመለጥኩ። ክብደትም ጨመርኩ።

ቡና ሲቆላ ጭሱን ወደ ሰው ማድረስ ልማዳችን ነው። ቱቦ ላለበት ሰው ያ ጭስ ሳይጣራ ቀጥታ ሳንባ ይገባል። ዕጣኑም፣ ከሰሉም። እኛ ቡናውን በረንዳ ላይ ቆልተን የተወቀጠውን አመጣንላት። ቫልቩን አድርጋ ትንፋሿን በአፍንጫዋ አስወጣች። ፊቷ ተለወጠ። ያ ሱቅ ተከፈተ።

ጠበል የሚሄድ ካለ፣ ውሃ በምንም መንገድ በቱቦው እንዳይገባ። መጥለቅ የለም፣ ከራስ በላይ ማፍሰስ የለም። እኛ ለካህኑ ነገርናቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሯንና እጇን አበሱላት፣ አለቀ። መጠጣቱ ደግሞ የመዋጥ ጉዳይ ነው፤ ጠበልም ቢሆን ቀጭን ውሃ ነው።

አፍ ማጽዳትን አትናቁ። በአፏ የማትበላ ሰው ምን ያጸዳል ይባላል። ሳንባን የሚያመው ምራቁ ብቻ አይደለም፣ ምራቁ ይዞት የሚወርደው ተሕዋስ ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ በቀን ቢያንስ ሁለቴ። መፋቂያ ስንጣሪው ሊቀር ስለሚችል ለጊዜው ይቆይ።

ቱሉ ዲምቱ ላይ አቧራና ሲኖትራክ አይጠፉም። አፍንጫ ሥራ ሲፈታ አክታ ይደርቃል፣ የደረቀ አክታ ቱቦ ይደፍናል። ሰው ሠራሽ አፍንጫ የሚባል ትንሽ ማጣሪያ አለ፤ ቱቦው ላይ ይሰካል፣ ከቫልቩ ጋር ግን አብሮ አይደረግም። በዋናው ቱቦ ውስጥ የሚገባውን ትንሽ ቱቦ አጥቦ መመለስ የየቀኑ ሥራ ነው። ቫልቩ በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይታጠባል፣ በአየር ይደርቃል፤ የፈላ ውሃ፣ አልኮልና በረኪና ያበላሹታል። መብራት ሲጠፋ ሳክሽኑም ይጠፋል። በእግር የሚረገጥ ሳክሽን እንዳለ የነገረን ሰው ጽድቅ ይጻፍለት።

ባለሙያው የት አለ ለምትሉ፦ የአንገት በላይ ክፍል ያላቸው እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ ሆስፒታሎች መነሻ ናቸው። ስፒች ቴራፒስት በአገራችን ጥቂት ነው። ስሙም ልጆችን ማናገር ብቻ ስለሚመስል ሰው አይጠይቅም። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የካፉ አየር ሊወጣ ይችላል ወይ? መዋጧ ተመርምሯል ወይ? ቱቦው መቼ ነው የሚወጣው? እኛ የመጨረሻውን ሳንጠይቅ ነው የወጣነው። ቀጠሮ የሰጠን ሰው አልነበረም፣ እኛም ዕድሜ ልክ የሚቆይ መስሎን ተቀምጠን ነበር። በኋላ ነው ብዙ ሰው ቱቦው እንደሚወጣለት የሰማነው።

የእሷ መንገድ እንዲህ ነበር። ቫልቩ ከደቂቃ ወደ ሰዓት፣ ከሰዓት ወደ ሙሉ ቀን ሄደ። ከዚያ ቱቦው ጭራሽ በክዳን ተደፈነ፤ ትገባም ትወጣም በአፍንጫዋ። የዚያን ቀን "አዎ" ስትል አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። እህቷ ሰምታ እልል አለች። ክዳኑን ያለ ችግር ስትለምደው፣ አክታዋን ራሷ ማውጣት ስትችል፣ ሐኪሙ ቱቦውን አወጣው። ቀዳዳው በቁስል ጨርቅ ተሸፈነ። ስትናገርና ስትስል በጣቷ ጫን እንድታደርገው ነገሯት፤ አለዚያ አየሩ በዚያ ያመልጣል። በሁለት ሳምንት ገደማ ገጠመ።

አሁን ከውሃ አመላላሹ ሰውዬ ጋር በስልክ ትጨቃጨቃለች። ቦቴው ዛሬም አልመጣም። ቀዳዳው ከተዘጋ ወራት አልፈውታል፤ ስልኩን ስታነሳ ግን ጣቷ አሁንም መጀመሪያ ወደ አንገቷ ይሄዳል።